እናቴ ዴር ሱልጣንን፣ እኔ ባሕርን

ጥያቄ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለዘንድሮው ትንሣኤ ከእናቴ ጋር ኢየሩሳሌም ልንሳለም ነው። ሙሉ ወጪውን የቻለችው አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። እኔ የምሄደው እማዬን ላጅብ ነው። እማዬ 70 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል። ለዚህ ጉዞ ግን ዓመቱን ሙሉ ስትጸልይ ነው የከረመችው።

አብሮን የሚጓዘው ሰው አርባ ይሆናል። የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው፤ የትንሣኤ ማግስት። ፕሮግራሙ ላይ "ነጻ ቀን" ተብሎ ተጽፏል። አውሮፕላናችን የሚነሣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በዚህች ቀን የተነሣ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጭቅጭቅ ሆኗል። ግማሹ ቴል አቪቭ ሄደን ዕቃ እንግዛ ይላል። ሌላው ቤተልሔምን እንድገማት ይላል። አስተባባሪያችን ደግሞ "ማንም ተነጥሎ አይሄድም፤ ሁሉም በአንድ አውቶቡስ" ብሏል። እማዬ አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፤ "ዴር ሱልጣንን ሳልሰናበት አልመለስም።" በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለውን ገዳማችንን ማለቷ ነው።

የኔ ነገር ያሳፍራል። ባሕር አይቼ አላውቅም። ጥብርያዶስን እንደምናይ አውቃለሁ፤ እሱ ግን እንደ ጣናችን ሐይቅ ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ማዶው የማይታየውን ነው። ለበረከት ሄጄ ባሕር ልይ ማለቱ ከብዶኝ ለእማዬም ለእህቴም አልተናገርኩም። በዚያ ላይ ኔታንያ በምትባል የእስራኤል ከተማ የምትኖር የሰፈራችን ልጅ በዚያው ቀን ሆቴላችን መጥታ ለቤተሰቧ የምትልከውን ሻንጣ እንድይዝላት ጠይቃኛለች። ያቺን ቀን እንዴት ላድርጋት?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ካሳፈረሽ ነገር ልጀምር። ባሕር ማየት መፈለግሽ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እናትን ደግፎ ደረጃ ማውጣት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሕዝብ ሲገፋ ከፊት መቆም ቀላል ሥራ አይደለም። ያንን ሁሉ ቀን የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ለራስሽ ብትፈልጊ ከማንም በረከት አትቀንሺም።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። እናትሽስ ባሕር አይተው ያውቃሉ? አልጻፍሽልኝም። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ መዝሙር 103 ላይ ስለ ታላቋና ሰፊዋ ባሕር የተባለውን በቃላቸው ሳይይዙት አይቀሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደገሙትን ነገር በዓይናቸው ማየት የሚጠሉ አይመስለኝም። ስለዚህ ሳትሄዱ በፊት፣ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ንገሪያቸው። "እማዬ፣ ባሕር ማየት ያምረኛል" ብትያቸው ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሁለታችሁ ይሆናል።

አሁን ወደ ቀኗ እንምጣ። ሁለቱንም የሚያስታርቅ ቦታ አለ። ኢዮጴ ይባላል። ዛሬ ሰዎች ጃፋ ወይም ያፎ ይሉታል፤ ከቴል አቪቭ ጋር ተያይዞ ያለ ጥንታዊ የወደብ ከተማ ነው። ከኢየሩሳሌም ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ወደ ቤን ጉርዮን ለሚሄድ ቡድን መንገዱ ብዙም አያስቀይስም።

እናትሽን "ቴል አቪቭ እንሂድ" ብትያቸው ግር ሊላቸው ይችላል። "ኢዮጴ" ስትያቸው ግን ቦታውን ያውቁታል። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረው ከኢዮጴ ነው። ጾመ ነነዌን ከጾማችሁ ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሚሆነው የሊባኖስ ዝግባም በባሕር ተንሳፎ የመጣው ወደዚሁ ወደብ ነበር፤ ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 2 ላይ አለ። ለመበለቶች ልብስ ትሠራ የነበረችውን ጣቢታን ቅዱስ ጴጥሮስ ከሞት ያስነሣትም እዚያ ነው። ከዚያም በባሕር አጠገብ በነበረው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ተቀመጠ። በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት ሲወጣ ከሰማይ የሚወርደውን ትልቅ ሸማ አየ። ከዚያ ራእይ በኋላ ነው ተነሥቶ ወደ መቶ አለቃው ወደ ቆርኔሌዎስ የሄደው። ወንጌል ለአሕዛብ በር የተከፈተላት ከዚያ ሰገነት ተነሥታ ነው ማለት ይቻላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ንና 10ን አውቶቡስ ውስጥ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ይበቃችኋል። በከሰዓት በኋላው ጉዞ ለማንም መንፈሳዊ ተጓዥ የሚጎድለው ነገር አይኖርም።

ይኼን ስል ጠዋቱን ረስቼው አይደለም። ጠዋቱ የእናትሽ ነው። ሙሉ በሙሉ።

በሰሙነ ሕማማት ኢየሩሳሌም ምን እንደምትመስል ቀድመሽ ብታውቂ ይሻላል። በተለይ ቀዳም ሥዑር ዕለት አሮጌው ከተማ ውስጥ መላወሻ የለም። ፖሊስ መንገድ ይዘጋል። ሕዝቡ ይጋፋል። የትንሣኤ ሌሊትም ዴር ሱልጣን በተሳላሚ ይሞላል። ዝማሬው፣ ሻማው፣ ነጭ ነጠላው ልብ ይነካል። እንደ እናትሽ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ግን ያን ሌሊት ቦታውን ሳይሆን ከፊታቸው የቆመውን ሰው ጀርባ ሲያዩ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ "ሳልሰናበት አልመለስም" ማለታቸው ትክክል ነው። በግርግር ያዩትን ቦታ ረጋ ብለው ማየት ይገባቸዋል። ለመጨረሻ ቀን አዲስ ቦታ ከመጨመር አንድ የወደዱትን ቦታ ተመልሶ ማየት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ስድስት ቦታ እየረገጡ ፎቶ እያነሡ ሲሮጡ የዋሉ ሰዎች አገር ቤት ሲገቡ የትኛው የቱ እንደነበር ይጠፋባቸዋል።

ሰኞ ጠዋት በጊዜ ውጡ። የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን የሚከፈተው በማለዳ ነው። ቁልፉን የመጠበቁና በሩን የመክፈቱ ኃላፊነት ለዘመናት የኖረው በሁለት የኢየሩሳሌም ሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ነው፤ እናትሽ ይኼን ሲሰሙ ይደነቁ ይሆናል። ጠዋት ማለዳ ከደረሳችሁ ቀን ላይ ሰዓታት የሚያስጠብቀው ወረፋ አይኖርም ወይም አጭር ይሆናል። መገነዣው ድንጋይ አጠገብ ማንም ሳይገፋቸው ይሰግዳሉ። ወደ ጎልጎታ የሚያወጣው ደረጃ ግን ቀጥ ያለ ነው። በሕማማቱ ወጥተውት ከሆነ ያን ዕለት ይቅርባቸው። ጉልበታቸውን ለላይኛው አስቀምጪላቸው።

ወደ ዴር ሱልጣን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በገበያው በኩል፣ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ባለፈበት መንገድ በዘጠነኛው ምዕራፍ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ወደ ትልቁ በር ዞረሽ ስትቆሚ በስተቀኝ ትንሽ በር አለች፤ በእሷ ትገቡና በጸሎት ቤቶቻችን በኩል በጠባብ ደረጃ ትወጣላችሁ። ሁለቱም ደረጃ አላቸው። እኔ በጸሎት ቤቶቹ በኩል ያለውን እመርጥልሻለሁ። መሐል ላይ አረፍ የሚሉበት ቦታ አለ፤ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳየውን ሥዕልም ቁጭ ብለው ያዩታል። በሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ግን በሕማማቱ ሳምንት እዚያ ስትሄጂ አባቶችን ጠይቂ። በጨለማ ደርሳችሁ እንዳትቆሙ።

ላይ ስትወጡ ጣራው ላይ ናችሁ። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉልላት ለእናትሽ አሳዪያቸው። ከሥሯ ያለው የንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት ነው። ከዚያም ዝቅ ብሎ መስቀሉ ተቀብሮ የተገኘበት ዋሻ አለ። ወደዚያ መውረጃው ደረጃ ብዙ ስለሆነ ለሳቸው አይሆንም። ጣራው ላይ ተቀምጠው ግን በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ ለኩሰው በማግስቱ የሚያከብሩት መስቀል ከተገኘበት ቦታ በላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ይኼን ብትነግሪያቸው ከዚያ ቶሎ የሚነሡ አይመስለኝም። አታስነሺያቸው። ስልክሽን ከቦርሳሽ አታውጪው። መነኮሳቱን ሰላም ይበሏቸው። እነዚህ አባቶች በዚያች ጠባብ ጎጆ እየኖሩ ነው ቦታውን ያቆዩልን። ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለው የይዞታ ክርክርም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። አንድ ኢትዮጵያዊት እናት ወጥተው እዚያ መቀመጣቸው ለአባቶቹም ትርጉም አለው።

የእሑዱ ድካም በዝቶባቸው ሰኞ ደረጃ መውጣት ካቃታቸውስ? ያኔ እንዳትከራከሪያቸው፣ እንዳታዝኚም። ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ውሰጃቸው። ከአሮጌው ከተማ ውጭ ነው፤ መንገዱ ራሱ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ታክሲ ወይም ባቡር ይዛችሁ በያፎ ጎዳና በኩል መቅረብ ትችላላችሁ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተፈጸመ ነው። ግቢው ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። ደረጃ አያስቸግርም። ስንብቱ እዚያም ያምራል። ሁለቱንም ልሂድ ግን አትበይ። አንዱን ያዢ።

ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ሆቴል ተመለሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሆቴሎች ክፍል የሚያስለቅቁት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ነው። አርባ ሰው ሻንጣውን ይዞ ሎቢ ላይ ሲኮለኮል ሽማግሌና አሮጊት ማረፊያ ያጣል። አስተባባሪው አንድ ወይም ሁለት ክፍል እስከ ስምንት ሰዓት እንዲያስይዝ ቀድመሽ ጠይቂው። ተጨማሪ ክፍያ ካለ ለብዙ ሰው ሲካፈል ምንም አይደለም። እናትሽና እኩዮቻቸው እግራቸውን ሰቅለው ይተኛሉ።

አሁን ወደ አስተባባሪው እንምጣ። "ማንም ተነጥሎ አይሄድም" ያለው ሊያስቸግራችሁ ብሎ አይምሰልሽ። ከእንዲህ ያለ ጉዞ አንዳንድ ሰው ጠፍቶ ይቀራል። ያኔ የሚጠየቀው ያመጣቸው ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ተሳላሚ ቪዛም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ፍርሃቱን አክብረሽ ነው መነጋገር ያለብሽ። ግሩፑ ላይ አርባ ሰው እያየ አትጠይቂው። አርባ ሰው ባለበት "እሺ" ቢልሽ ለሁሉም እሺ ማለት ይሆንበታል። ለብቻው ደውይለት። ለምሳሌ እንዲህ በይው፦ "ወንድሜ፣ እናቴ ሰኞ ጠዋት ዴር ሱልጣንን ተሰናብታ መመለስ ትፈልጋለች። ሌሎችም እናቶች የሚፈልጉ ይመስለኛል። አንድ ላይ ሆነን አንድ ዲያቆን አብሮን ይሂድ። በስምንት ሰዓት አውቶቡሱ ላይ እንገኛለን። ከዚያ ሁላችንም በኢዮጴ በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ብንሄድስ?" አየሽ፣ ማንም ተነጥሎ አልሄደም። ሰዓት ተቆርጧል። ኃላፊ አለ። ከዚህ በኋላ እምቢ ለማለት ይከብደዋል።

ገበያ የሚፈልጉትም አይከፉም። ኢዮጴ የሰዓት ማማው አጠገብ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ፤ ዙሪያውን ልብስ ቤት፣ ጌጣ ጌጥና ምግብ ቤት ሞልቷል። ለስጦታ የሚሆነውን የወይራ እንጨት መስቀል፣ መቁጠሪያና ሻማ ግን እስከዚያ ድረስ አታቆዪው። እሱን በሳምንቱ ውስጥ ኢየሩሳሌም ወይም ቤተልሔም ግዙትና ይለቅላችሁ። አሮጌው ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ፤ ተከራከሩ።

ቤተልሔምን እንድገም ለሚሉት ግን አልስማማም። ቅርብ መሆኗ እውነት ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ችግሩ መመለሻው ላይ ያለው የፍተሻ ኬላ ነው። አንዳንድ ቀን በደቂቃ ያልፋሉ፤ አንዳንድ ቀን ግን ረጅም ሰዓት ይቆማሉ። ማታ አውሮፕላን ያለበት ቡድን ከፍተሻ ኬላ ማዶ መዋል የለበትም። ልደቱን ደግሞ ከሳምንቱ ውስጥ አንዱን ቀን ሰጥታችሁ ታዩታላችሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቀላል ይመስላል፣ ቡድን ግን የሚበታተንበት ነው። በትንሣኤ ሰሞን የእስራኤል ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ እነሱ በበጋ ሰዓታቸውን ስለሚገፉ። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ምንም ለውጥ አታዩም። አቆጣጠሩ ግን ሌላ ነው። አስተባባሪው "ስምንት ሰዓት" ሲል በእኛ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ስምንትን የሚሰማው በራሱ አቆጣጠር ነው፤ ለኛ ያ ሁለት ሰዓት ነው። ግሩፑ ላይ ሲጻፍ "ከቀኑ ስምንት፣ በእነሱ 14 ሰዓት" ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ።

በስምንት ሰዓት ከተነሣችሁ፣ መንገዱ ቢጨናነቅም አሥር ሰዓት ሳይሞላ ኢዮጴ ትደርሳላችሁ። አውቶቡሱ ሰዓት ማማው አካባቢ ያውርዳችሁ። መገናኛችሁም እሱ ይሁን፤ ከሩቅ ስለሚታይ ማንም አይስተውም። ኮረብታው ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የፍራንሲስካውያን ነው። ከዚያ ወደ ወደቡ የሚወርዱት ጠባብ መንገዶች ደስ ይላሉ፤ ደረጃቸው ግን ብዙ ነው። ለእናትሽ ከሰዓት ማማው በባሕሩ ዳር ያለውን ሜዳ መንገድ ያዢ። መቀመጫ አለው። ነፋሱ ሲመሽ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢያቸውን አውቶቡስ ውስጥ እንዳትተዪው። የተጨመቀ ብርቱካን ግዢላቸው፤ ጃፋ በብርቱካኗ ዓለም ያወቃት ከተማ ናት።

አንቺ ግን ውረጂ። ድንጋዩን ተሻግረሽ አሸዋው ድረስ ሂጂ። ጫማሽን አውልቂና እግርሽን ባሕሩ ውስጥ አስገቢ። ለመዋኘት ግን አትሞክሪ። የማታውቂው ባሕር ነው፤ ሞገዱ በቅርብ ላይም ይጎትታል። እናትሽን አብራችሁ ያለች አንዲት ሴት ለግማሽ ሰዓት ትጠብቅልሽ፤ በጉዞው ሁሉ ስታግዢ ስላዩሽ እሺ የማትልሽ አትኖርም። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የምትገባው ቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ነው። ያን አይታችሁ ተነሡ። ሁለት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ መሆን አለባችሁ። ለቡድን ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ግዴታ ነው በይ፤ አራት ቢሆን ይሻላል። የቤን ጉርዮን ፍተሻ ጊዜ ይፈልጋል።

ይኼ ነው እንግዲህ ወደ ሻንጣው የሚያመጣኝ። ኤርፖርቱ ላይ የጸጥታ ሠራተኞች አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። "ሻንጣሽን ማን አሰናዳው? ከሰው የተቀበልሽው ዕቃ አለ?" ይሉሻል። እውነቱን መናገር አለብሽ። የማታውቂው ሻንጣ ይዘሽ "አዎ፣ ሰው ሰጥቶኛል" ስትዪ ከሰልፉ አውጥተው ይበረብሩሻል። ብትዋሺ ደግሞ የባሰ ነው። አንቺ ስትቆሚ እናትሽም ይቆማሉ፤ በዚያ ጉልበታቸው። ስለዚህ የተዘጋ ሻንጣ አትቀበዪ። ለልጅቷ አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪያት፤ ዕቃ ገዝታ ካሸገች በኋላ እምቢ ማለት ይከፋል። "እህቴ፣ ሻንጣ መያዝ አልችልም፤ ትንሽ ልብስ ከሆነ እያየሁት ራሴ እከተዋለሁ" በያት። መድኃኒትና ኤሌክትሮኒክስ ይቅር። ኔታንያ ደግሞ ከኢየሩሳሌም ይልቅ ለኢዮጴ ነው የምትቀርበው። ሆቴል ድረስ ከምትለፋ ኢዮጴ መጥታ ታግኛችሁ። የአገሩን ቋንቋ ታውቃለች፣ ለእናትሽም ጨዋታ ትሆናለች። አገር ቤት ናፍቋት የመጣች ልጅ ከሻንጣው ይልቅ እናንተን ማየቱ ያስደስታታል ብዬ እገምታለሁ።

የእናትሽን ሻንጣም አንቺው አሰናጂው። የዮርዳኖስ ውኃና ዘይት በእጅ ቦርሳ አትያዙ፤ ፍተሻ ላይ ሊወሰድ ይችላል። ጠርሙሱን በደንብ ከድነሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ በሚጫነው ሻንጣ አስገቢው። እናቶች የተሳለሙበትን ውኃ በር ላይ ሲነጠቁ የሚያለቅሱት ልቅሶ አንጀት ይበላል፤ ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። ከጥንታዊ ቦታ ድንጋይ ለቅመው ከሆነም አስተዪአቸው። ስትገቡ ፓስፖርታችሁ ላይ ማኅተም በመምታት ፋንታ ትንሽ ወረቀት ይሰጧችኋል፤ እስክትወጡ ድረስ ከፓስፖርቱ አትለዪው። የተረፋችሁን የሰቅል፣ ማለትም የእስራኤል ገንዘብ ሳንቲም መንዛሪ ቤት አይቀበላችሁም። ጠዋት ገዳሙ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሩት።

የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ በድንገት ሊለወጥ እንደሚችል ታውቂያለሽ። በዚያ ሳምንት አስተባባሪው "ዛሬ አንወጣም" ካለ አትሟገቺው። የአየር መንገዱንም መልእክት በየቀኑ እዪ።

ግሩፑ በድምፅ ቴል አቪቭን ቢመርጥስ? ያም ቢሆን ባሕሩ አያመልጥሽም። ሰው ሁሉ የሚሄድበት የካርሜል ገበያ ከባሕሩ ዳር በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሌሎቹ ሲሸምቱ እናትሽን ይዘሽ በታክሲ መውረድ ትችያለሽ። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ሸማቾቹ በጠዋት እንውጣ ካሉ የእናትሽ ስንብት ይቀራል። ሁለቱ ከተጋጩ የሳቸው ይቅደም፤ አንቺ ገና ዕድሜ አለሽ፣ እሳቸው ግን ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ ላያዩአት ይችላሉ። እዚያ ላይ እንዳይደርስ ግን ከአስተባባሪው የምትለምኚው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አውቶቡሱ ከኢየሩሳሌም የሚነሣው ከቀትር በኋላ ይሁን። ሾፌር በቀን የሚሠራበት ሰዓት በሕግ የተወሰነ ስለሆነ የመነሻ ሰዓት የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው። ግሩፑ ድምፅ እስኪሰጥ አትጠብቂ፤ ዛሬ ማታ ደውይለት።